ስለ አያት ስምና ስለ ትውልድ ቈጠራ

ባለፈው ዓመት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከውጭ አገር የተላከ የትምህርት ማመልከቻ ይዞ ወደ መምህራን ክፍል ገባ። በማመልከቻው ላይ ሁለት ባዶ መስመሮች አሉ፤ አንዱ የራስን ስም፣ ሁለተኛው የቤተሰብን ስም ይጠይቃል። ልጁም «መምህር፣ የእኛ የቤተሰብ ስም የትኛው ነው? የአባቴን ልጻፍ ወይስ የአያቴን?» አለኝ። የአያትህን ጻፍ አልሁት። ጥቂት አሰበና «ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ በወረቀቱ ላይ የተጻፈለት የአባታችን ስም ነው። እንግዲህ እኔ የአያታችንን ከጻፍሁ፣ ለሚያነበው ሰው እኔና ወንድሜ ዘመዳሞች አይደለንም» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ይህ ጥያቄ ከሐሳቤ ስላልወጣ፣ በክረምቱ ዕረፍት ስለ ስምና ስለ ትውልድ ቈጠራ ያገኘሁትን ሳነብ፣ ከሽማግሌዎችም ስጠይቅ ከረምሁ። ያገኘሁትንም ጥቂት ነገር ለተማሪዎቻችን ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት በዚህ መጽሔት ላይ ለማቅረብ ወደድሁ። ጽሑፉ የታሪክ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሌላው የታሪክ ትምህርት በመጽሐፍ ሲገኝ፣ የዚህኛው እኩሌታ የሚገኘው በየቤታችሁ ባሉት አረጋውያን አፍ ነው።

የቤተሰብ ስም ማለት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚሻገር ስም ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ልማድ የለም። እኔ በአባቴ ስም እጠራለሁ፤ ልጄ በእኔ ስም ይጠራል፤ የልጄም ልጅ በልጄ ስም። የመታወቂያ ወረቀትም ሆነ የትምህርት ቤት መዝገብ የሚይዘው ሦስት ስም ብቻ ስለ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ትውልድ በላይኛው ጫፍ ያለው አንድ አያት ከወረቀቱ ይወድቃል። ሲወድቅም ድምፅ ስለሌለው ልብ የሚለው የለም።

ይህን ልማድ ለመለወጥ የታሰበበት ዘመን ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ በ32ኛው ቍጥር እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል። ሕጉ እንዲህ ቢልም ልደትና ሞት የሚጻፍበት የክብር መዝገብ ለብዙ ዘመን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ሕዝቡም በጥንት ልማዱ ጸና። ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍችንና ሞትን በመላው አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 760 መሠረት፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ልጅ ቅድመ አያቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተወለዱ ከመንግሥት መዝገብ ልፈልግ ቢል በከንቱ ይደክማል።

የቤተሰብ ስም ያላቸው ሕዝቦችም ቢሆኑ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበሩም። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ከታላቋ ብሪታንያ ደሴት በስተሰሜን ያለችውን እስኮትላንድን እንውሰድ። በተራራማው ክፍሏ የኖረው ሕዝብ ልማድ ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ ነው የመረጥኋት።

የዚያ ተራራማ አገር የጥንት ቋንቋ ጌሊክ ይባላል። በጌሊክ «ማክ» ማለት ወንድ ልጅ ማለት ስለ ሆነ፣ ማክዶናልድ የዶናልድ ልጅ ማለት ነው። በመጀመሪያ ይህ አጠራር እንደ እኛው ነበረ። የዶናልድ ልጅ አለን «አለን ማክዶናልድ» ይባላል፤ የአለን ልጅ ግን የአለን ልጅ ይባላል እንጂ የአያቱን ስም አይወርስም። ከጊዜ በኋላ መሬት በጽሑፍ መሰጠት፣ ክርክርም በጽሑፍ መታየት ሲጀምር፣ ጸሓፊው ሰውየውን በአንድ ስም መያዝ ፈለገ። በዚያ ጊዜ የተገኘው የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ወተት ረጋ። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ሁሉ አባታቸው ዶናልድ ቢባልም ባይባልም ማክዶናልድ ናቸው። ይህ በሁሉም ስፍራ በአንድ ዘመን የሆነ አይደለም። በሰሜን ጫፍ ባሉት በሼትላንድ ደሴቶች እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት ድረስ በየትውልዱ የሚለወጥ የአባት ስም ይሠራበት ነበር።

ሌሎች ስሞች ከሥራ ወይም ከመልክ የመጡ ናቸው። ስሚዝ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ስቱዋርት ከቤት አዛዥነት ሹመት የመጣ ሲሆን በኋላ የነገሥታት ስም ሆኗል። ካሜሮን «የተጣመመ አፍንጫ»፣ ካምቤል ደግሞ «የተጣመመ አፍ» ከሚሉ የጌሊክ ቃላት እንደ ወጡ ይነገራል። አንድ የጎረቤት ቀልደኛ ያወጣው ቅጽል ስም ስንት መቶ ዓመት እንደሚኖር ከዚህ ተመልከቱ፤ በክፍል ውስጥ ለጓደኞቻችሁ ቅጽል የምታወጡም አስቡበት።

የእስኮትላንድን ጎሣ እንግሊዞች «ክላን» ይሉታል፤ ቃሉ ከጌሊክ የመጣ ሆኖ ትርጓሜው ልጆች ማለት ነው። ሆኖም የአንድ ጎሣ ስም የያዙት ሁሉ የአንድ አባት ልጆች አይደሉም። ጥበቃ ፈልጎ ወይም መሬት ተከራይቶ ወደ አንድ አለቃ የተጠጋ ሰው የአለቃውን ስም ይይዝ ነበር። በአሁኑ ዘመን አንዳንድ ሰዎች በምራቅ በሚደረግ የዘር ምርመራ ይህንኑ አረጋግጠዋል፤ አንድ ስም ይዘው ከሁለትና ከሦስት የተለያዩ አባቶች የወረዱ ሆነው ተገኝተዋል።

ስም በአዋጅ የጠፋበትም ጊዜ አለ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1603 ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ማክግሬጎር የሚባለውን ጎሣ ስለ ተቈጣ ማንም ሰው በዚህ ስም እንዳይጠራ ከለከለ። ስሙን የያዙት ሰዎች መሬይ፣ ግራንት፣ ድራመንድ፣ ሌላም ሌላም እየተባሉ ተበተኑ። ክልከላው በ1661 ተነሣ፤ በ1693 ተመልሶ ጸና፤ ፈጽሞ የተሻረው በ1774 ነው። ዛሬ የዚያ ጎሣ ተወላጅ የትውልድ ሐረጉን ሲፈልግ፣ ወደ እነዚያ ዓመታት ሲደርስ ክሩ ይበጠስበታል።

ይህን ሳነብ አባቴን አስታወስሁ። አባቴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲሄድ፣ የሚመዘግበው ሰው የአያቴን ስም ለመጻፍ ስለ ከበደው ሌላ ቀላል ስም ጻፈለት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ስፍራ ይደረግ ነበርና። ሆኖም በእኔ መታወቂያ ላይ «የአያት ስም» ተብሎ የሰፈረው አያቴ በሕይወታቸው ሳሉ አንድ ቀን እንኳ ተጠርተውበት የማያውቁት ስም ነው። ቢጠሯቸውም «አቤት» አይሉም ነበር።

እስኮትላንዳውያን የጠፋውን ለመፈለግ የሚረዳቸው መዝገብ ነው። በኤሮል ሰበካ ያለው እጅግ ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን መዝገባቸው ከ1553 ይጀምራል። ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቈጠራ በስም ተጽፏል። ከጥር 1 ቀን 1855 ጀምሮ ደግሞ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል። መዛግብቱ በኤደንብራ ከተማ ስለሚጠበቁ፣ ቅድመ አያቱ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራልያ የተሰደደ ሰው መጥቶ ያገላብጣቸዋል። በነዚህ መዛግብት ውስጥ ያገባች ሴት የአባቷን ቤት ስም እንደ ያዘች ትገኛለች፤ በዚህም የእስኮትላንድ ሴት ከእኛ እናቶች ጋር ትመሳሰላለች።

ነገር ግን እነርሱ ያጡት እኛ ያለን አንድ ነገር አለ። በቀድሞ ዘመን በእስኮትላንድም ትውልድ በቃል የሚቈጥሩ ሰዎች ነበሩ። በ1249 ንጉሥ እስክንድር 3ኛ በስኩን ሲነግሥ አንድ የተራራው አገር ሽማግሌ በፊቱ ቆሞ የንጉሡን አባቶች በጌሊክ ቋንቋ አንድ በአንድ እንደ ቈጠረ ተጽፏል። ዛሬ በኤደንብራ መንገድ የሚሄደውን ሰው ከአያትህ በላይ ቍጠር ቢሉት ወደ መዝገብ ቤት ይልካችኋል። በሶሮ ወይም በአንጋጫ አንድ ሽማግሌ ብትጠይቁ ግን ከምድጃው ሳይነሡ አሥርና አሥራ አምስት ስም ይነግሯችኋል።

በሐዲያ ጎሣ «ሱላ» ይባላል። ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ ባደዋቾ እየተባሉ በሚጠሩት ታላላቅ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ሱላዎች አሉ፤ እያንዳንዱም ወደ አንድ አባት ይቈጥራል። በከምባታም ጎሣው ብዙ ነው፤ ከሁሉ በፊት በሐምበሪቾ ተራራ የሰፈሩት ግን ሰባት ነበሩ ተብሎ ይተረካል። በከምባትኛ ሰባት «ላመላ» ስለሚባል ሕዝቡም «ከምባታ ላመላ» እየተባለ ይጠራል። እንግዲህ የቤተሰብ ስም የለንም ስንል፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚሻገር ስም የለንም ማለታችን አይደለም፤ የጎሣው ስም አለና። የሌለው በወረቀት ላይ ነው።

ይህ ስም በኑሮ ውስጥ ታላቅ ሥራ አለው። በአንድ ጎሣ ውስጥ መጋባት ነውር ስለ ሆነ፣ ወጣት ወንድና ሴት ሲተዋወቁ ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁት ጎሣን ነው። ሰባት ቤት መቈጠሩም ስለዚሁ ነው። እናንተ በከተማ ያደጋችሁ ይህን እንደ ተረት ትሰሙት ይሆናል፤ ነገር ግን ሽማግሌ ከተላከ በኋላ በጎሣ ምክንያት የፈረሰ እጮኝነት አውቃለሁ። ሁለቱም ልጆች የጎሣቸውን ስም ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ልቅሶ ባላለቀሱ ነበር።

አሁን ስለ አጠያየቁ ልናገር። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትሁት የምጠይቀውን ሰው ባለማወቄ ነው። የእናቴ አገር ከምባታ ስለ ሆነ፣ ወደ እናቴ እናት ሄጄ የአያቴን አባት ስም እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው ዝም አሉ። ደግሜ ስጠይቅ ወደ ማጀት ገቡ። ያስቀየምኋቸው መስሎኝ ደነገጥሁ። ነገሩን የገለጸችልኝ አክስቴ ናት። በከምባታ «ባሊሻ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም ፈጽሞ አትጠራም። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን እንደ ስማቸው የሚጀምረውንም ቃል ትተወዋለች። የአማቷ ስም በ«ላ» የሚጀምር እንደ ሆነ ሰባት ለማለት «ላመላ» አትልም፤ በሌላ ቃል ወይም በዙሪያ አነጋገር ትገልጸዋለች። ቋንቋ የሚያጠኑ ምሁራን ለዚህ ሲባል የሚነገሩትን ምትክ ቃላት ሰብስበው ጽፈዋል። ዛሬ ይህን አጥብቀው የሚጠብቁት በዕድሜ የገፉት እናቶች ናቸው።

እንግዲህ የቤቱን ነገር ሁሉ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነዚህ እናቶች ስሙን በአፋቸው ሊያወጡት አይችሉም። ስለዚህ የአያታችሁን አባት ስም የምትጠይቁት አያታችሁን ሴቲቱን ሳይሆን የወንድ አያታችሁን እኅት ነው። እርሷ የዚያ ቤት ልጅ እንጂ ምራት ስላይደለች ያለ ሥጋት ትነግራችኋለች። እኔም እንዲሁ አደረግሁና በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ስም ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ለአያቴ ሳነብላቸው፣ አንዱን ስም ስሳሳት በእጃቸው ከለከሉኝ።

በአባቴ በኩል ግን እንዲህ አልቀናኝም። የአያቴ ወንድም በሶሮ ይኖሩ ነበር። አሥራ ሰባት ትውልድ ይቈጥራሉ እየተባለ እሰማ ነበር። ለያሆዴ በዓል በሄድሁ ጊዜ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለ ነበረ፣ ለከርሞ እጽፈዋለሁ ብዬ ተመለስሁ። በመጋቢት ወር ዐረፉ። ልጆቻቸውን ሰብስቤ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ዘጠኝ ድረስ ይቈጥሩና ዝም ይላሉ። የቀሩት ስምንቱ ስሞች ከእርሳቸው ጋር ተቀብረዋል።

ሽማግሌ የነገረን ሁሉ እውነት ነው ወይ የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ይገባዋልም። የተነገረውን የምንመረምርበት መንገድ አለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የከምባታ ነገሥታት ትውልድ ነው። በከምባታ ንጉሡ «ዎማ» ይባል ነበር፤ የሚነግሠውም ኦያታ ከሚባለው ጎሣ ነው። የመጨረሻው ዎማ ዲልባቶ ደጎዬ ናቸው። የዚህ ቤት መሥራች ሐመልማል እንደ ነበረ፣ ከጎንደርም እንደ መጣ በቃል ይተረካል። እንግዲህ በጽሑፍ የሚገኘውን እንይ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1613 አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ዐፄ ሱስንዮስ ከላኩት መልእክተኛ ጋር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያደርስ መንገድ ሊፈልግ ተነሣ። በእናርያና በየም በኩል አድርጎ፣ የጊቤን ወንዝ ተሻግሮ ከምባታ ደረሰ። ያን ጊዜ በከምባታ የተቀበላቸው ገዥ ስሙ ሐመልማል እንደ ነበረ በዚያ ዘመን ታሪክ ተጽፏል። ከዚያ አልፈው ወደ አላባ ሲደርሱ ግን አሊኮ የሚባለው ገዥ ያዛቸውና መንገዱ ተሰናከለ።

አያችሁ? ሽማግሌዎች ያለ መጽሐፍ ሲያስተላልፉት የኖሩት ስም በሩቅ አገር መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ግን እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። የጎንደር ከተማ በዐፄ ፋሲል የተመሠረተችው በ1636 ገደማ ነው። ሐመልማል ግን ከዚያ ከሃያ ዓመት በፊት በከምባታ ሲገዛ ተገኝቷል። ስለዚህ «ከጎንደር መጣ» የሚለው ቃል በቀጥታ ከዚያች ከተማ ማለት ሊሆን አይችልም። በደቡብ አገሮች ትውፊት ጎንደር የሚለው ስም ብዙ ጊዜ በጠቅላላው ሰሜንን የሚያመለክት መሆኑን ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ሽማግሌው አልዋሹም፤ እኛ የከተማውን ካርታ ይዘን ሰማናቸው እንጂ።

በሒሳብም መመርመር ይቻላል። በአባትና በልጅ መካከል በአማካይ 30 ዓመት ያህል ብንቈጥር፣ ከሐመልማል ዘመን እስከ ዲልባቶ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ፣ ይኸውም ከ1614 እስከ 1890ዎቹ መጀመሪያ፣ 280 ዓመት ገደማ ስለሚሆን ዘጠኝ ትውልድ ያህል መገኘት አለበት። አንድ ሰው በዚህ መካከል አራት ስም ብቻ ቢቈጥር ዘሎአል፤ ሃያ ቢቈጥር ወንድማማቾችን እንደ አባትና ልጅ ደርድሯል። ንጉሥ ከወንድሙ ዙፋን ሊወርስ ስለሚችል በነገሥታት ቈጠራ ይህ ስሕተት ቶሎ ይመጣል።

የሐዲያ ስም ከዚህም በፊት በጽሑፍ ይገኛል። በ14ኛው ምእተ ዓመት በነገሡት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ታሪክ ውስጥ አማኖ የሚባል የሐዲያ ንጉሥ ተጠቅሷል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ያገቧት እቴጌ እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ ነበረች። ይሁን እንጂ ከነዚህ ስሞች እስከ ዛሬው ቤተሰብ የሚደርስ ክር በእጃችን የለም። አንዳንድ ሰው ከእሌኒ እወርዳለሁ ሲል እሰማለሁ፤ እሌኒ ግን ከአብራኳ የወጣ ልጅ እንዳልነበራት ይነገራል። ትውልድ ሲቈጠር ከታች ወደ ላይ እንጂ፣ ከላይ ያማረ ስም ተመርጦ ወደ ታች አይወረድም።

ጀርመናዊው ምሁር ኡልሪኽ ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን እየዞረ ከሐዲያ ሽማግሌዎች የሰበሰበውን የትውልድ ታሪክ በ1980 በጀርመንኛ፣ በ2012 በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ከሥራው የምንረዳው አንድ ታላቅ ነገር፣ የጥንቱ ሐዲያ ሰፊ ግዛት ስለ ነበረ፣ ዘራቸውን ወደዚያ የሚቈጥሩ ጎሣዎች ዛሬ በአርሲ፣ በስልጤ፣ በሲዳማና በሌላም ስፍራ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሆነው መገኘታቸው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከሌላ አገር መጥቶ በሐዲያ ወይም በከምባታ ጎሣ ተጠግቶ፣ ከጊዜ በኋላ የጎሣው ልጅ የሆነ ብዙ ነው። ከላይ ስለ እስኮትላንድ አለቆች የተናገርሁትን አስታውሱ። ስለዚህ የጎሣ ስም ቋንቋን ወይም ደምን ብቻ አያሳይም፤ ማን ማንን እንዳስጠጋም ያሳያል።

ትውልድ ቈጠራ ክፉ ጎንም አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። ሸክላ የሚሠሩት፣ ብረት የሚቀጠቅጡትና ቆዳ የሚያለፉት ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን በዘራቸው ሲናቁ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡና አብረው እንዳይበሉ ሲከለከሉ ኖረዋል። በእስኮትላንድ ስሚዝ መባል ተራ ነገር ነው፤ በእኛ አገር ግን ብረት ቀጥቃጭ አያት የነበረው ሰው አያቱን ሊደብቅ ይገደድ ነበር። በባርነት ተሸጠው የመጡም አሉ። ሽማግሌው አንድን ስም በችኰላ ካለፉ፣ በሰው ፊት አታስጨንቋቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ ምናልባት ይነግሯችኋል፤ ካልነገሯችሁም በደብተራችሁ ላይ ክፍት ስፍራ ተዉለት።

የስሞቹ ዓይነት ራሱ ዘመንን ይናገራል። ከላይ ኤርጃቦ፣ ሎምባሞ፣ ሀንዲሶ የመሳሰሉ የሐዲይኛ ስሞች ሲገኙ ቆይተው ከታች ማርቆስ፣ ጴጥሮስ፣ ዮሐንስ ቢመጣ፣ ቤተሰቡ የክርስትና ትምህርት የተቀበለበትን ጊዜ በግምት ታውቃላችሁ፤ ይህ በብዙ ቤት ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። ሑሴንና ሙሐመድ ቢገኝ ሌላ ታሪክ አለው። በድንገት አንድ የአማርኛ ስም በመካከል ቢገባ ትምህርት ቤት፣ ጦር ሠራዊት ወይም ክርስትና አባት ይኖርበታል፤ አንድ ሰውም የቤት ስምና የክርስትና ስም ኖሮት እንደ ሁለት ሰው እንዳይቈጠር ተጠንቀቁ።

ከቃል ውጭ የሚገኝ ማስረጃም ፈልጉ። በአሮጌ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የግብር ደረሰኝ ወይም የሙግት ወረቀት፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ፣ የእድር መዝገብ፣ በመቃብር ላይ የተጻፈ ስም ሁሉ ይጠቅማል። የእድር መዝገብ በተለይ ማን በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሞተ በትክክል ይይዛል፤ ገንዘብ የወጣበት ነገር ነውና። በድሮ ወረቀት ላይ «ዋቸሞ» የሚል ስም ብታገኙ አትደናገሩ፤ የዛሬዋ ሆሳዕና ናት። ስሟ የተለወጠው ራስ አባተ ቧያለው ከምባታን ሲገዙ በሆሳዕና በዓል ምክንያት እንደ ሆነ ይነገራል። የቀድሞው ስም ዛሬ በዩኒቨርሲቲያችን ስም ላይ ይኖራል። «በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በከምባታና ሐዲያ አውራጃ» የሚልም ብታገኙ ያው ይኸው አገር ነው።

ለመጠየቅ የሚመቸው ጊዜ በሐዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ ሲከበር ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሳምንት ነው፤ ነገር ግን በበዓሉ ዕለት ሳይሆን እንግዳው ከተበተነ በኋላ በማግሥቱ ጠይቁ። ደብተሩን ቶሎ አታውጡ። መጀመሪያ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ከብቱ፣ አሮጌው ቤት የት እንደ ነበረ ይነጋገሩ። ስም ከስፍራ ጋር ሲያያዝ ቶሎ ይታወሳል። ስሙን የሰማችሁትን ያህል በሐዲይኛው ወይም በከምባትኛው ድምፅ ጻፉ፤ አማርኛ እንዲመስል አታሳምሩት። ማን እንደ ነገራችሁና ቀኑን ከግርጌ አስፍሩ። የአባትን ወገን ብቻ ሳይሆን የእናቶችንም ጎሣ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፣ እኔም ረስቼ ሁለት ጊዜ ወደ ሶሮ ተመልሻለሁ።

ወደ ማመልከቻው ልጅ ልመለስ። በውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን ዛሬ የሚያደርጉት ነገር በእስኮትላንድ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተደረገው ነው። በድንበር ላይ በአጋጣሚ የተጻፈው ስም በዚያው ይረጋል። በጆሃንስበርግ የሚወለደው የወንድሙ ልጅ በወረቀቱ ላይ ሦስተኛ ስም አይኖረውም፤ አንድ የቤተሰብ ስም ብቻ ይይዛል፤ ከእርሱም የሚወለደው ያንኑ።

ልጁ በመጨረሻ የአያቱን ስም ጻፈ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይዞ መጣ። ከአባቱ አክስት አሥራ አንድ ስም ጽፎ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ ለወንድሙ በስልክ ልኮለት ነበር። ወንድሙም ከዚያ ሆኖ ለአንድ ሽማግሌ አጎታቸው ደውሎ ሲያጣራ፣ በዘጠነኛው ላይ አለመስማማት ተገኘ፤ አክስቲቱ አንድ ስም ሲሉ አጎትየው ሌላ ይላሉ። «የትኛውን ልሰርዝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ በታች የተናጋሪውን ስም አስፍሯል። እንዳለ ተወው አልሁት፤ አጎትየው ለመሳላ ወደ ሺንሺቾ ይመጣሉና ያን ጊዜ ሁለቱ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ።